ለስላሳ ድምፅ፣ ጽኑ እጅ፦ ስለ ኒክ ድሬክ የመጀመሪያ አልበም



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ አልበም ነው። እንግሊዛዊው ኒክ ድሬክ «ፋይቭ ሊቭስ ሌፍት» ብሎ የሰየመው የመጀመሪያ ሥራው በ1969 ሲወጣ ገና 21 ዓመቱ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አልበሙ አሥር ዘፈኖች አሉት፤ ግጥማቸውም ዜማቸውም የራሱ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ለማድመጥ ከ40 ደቂቃ ጥቂት ቢያልፍ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ዘፋኙ አንድም ቦታ ላይ አይጮኽም። በኖቬምበር 1974፣ ለዓመታት በድብርት ሕመም ሲሠቃይ ቆይቶ በ26 ዓመቱ በወላጆቹ ቤት አረፈ። ከዚያ ወዲህ አልበሙ ለብቻው ተደምጦ አያውቅም ማለት ይቻላል። ሰው መጀመሪያ የአሟሟቱን ታሪክ ይሰማል፣ ቀጥሎ ሸክላውን ያጫውታል፤ ዝግ ያለው ድምፅ ሲደርሰውም «ይህ ልጅ ያኔም ተሰብሮ ነበር» ይላል። እኔ የምሞግተው ይህን አደማመጥ ነው። የአልበሙ ልስላሴ የድካም ምልክት አይደለም፤ የታሰበበት፣ የተመረጠ፣ ሲያስፈልግም በእልህ የተጠበቀ የእጅ ሥራ ነው። ይህን የምለው ለዘፋኙ አዝኜ ሳይሆን አልበሙ እንዴት እንደተሠራ የሚታወቀውን ማስረጃ ይዤ ነው።

ሞትን ወደ ኋላ እየመለሱ የማንበብ ልማድ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በአርእስቱ ላይ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። «አምስት ቅጠል ቀረ» የሚለውን ስያሜ ብዙዎች እንደ ትንቢት ወስደውታል፤ ከአልበሙ መውጣት እስከ ዘፋኙ ሞት ያለው ጊዜ አምስት ዓመት መሆኑም ነገሩን እውነት አስመስሎታል። ሐረጉ ግን የተወሰደው ሪዝላ ከሚባለው የሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ከመካከሉ ማስታወሻ ብቅ ይልና አምስት ብቻ መቅረቱን ለገዢው ይነግረዋል። በዚያ ዘመን ሲጋራ እየጠቀለለ የሚያጨስ እንግሊዛዊ ወጣት ሁሉ ኪሱ ውስጥ የሚያገኘው ነገር ነበር። ድሬክ ከዚህ ተራ ነገር ውስጥ የግጥም ድምፅ ሰምቶ አነሣው፤ ይህ የገጣሚ ጆሮ ነው። የምንቆጥራቸውን አምስት ዓመታት የጨመርንበት እኛ ነን። በአርእስቱ ላይ የተደረገው በዘፈኖቹም ላይ ተደርጓል፤ ስለ መኸር የተዘፈነው ሁሉ ስለ ሞት፣ ስለ ወንዝ የተዘፈነው ሁሉ ስለ መጨረሻው ጉዞ ተደርጎ ተተርጉሟል።

ታዲያ ልስላሴው ከየት መጣ? የመጀመሪያው ምንጭ ቤቱ ነው። ድሬክ በ1948 ራንጉን፣ በርማ ውስጥ ተወልዶ ያደገው በእንግሊዝ ዎሪክሸር፣ ታንዎርዝ ኢን አርደን በምትባል መንደር ነው። እናቱ ሞሊ ድሬክ ለአደባባይ ያልቀረበች፣ ነገር ግን የራሷን ግጥምና ዜማ እየደረሰች በፒያኖ የምትዘፍን ሴት ነበረች። ባለቤቷ በቤት ውስጥ በቴፕ የቀረጻቸው ዘፈኖቿ ከሞተች በኋላ በአልበም ታትመዋል። እነዚያን የሰማ ሰው ልጁን ወዲያው ያውቀዋል፦ ያው ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ያው ከደስታ ወደ ትካዜ ሳይታሰብ የሚታጠፍ ስምም፣ ያው ትልቁን ነገር በትንሽ ቃል የመናገር ቁጥብነት። ስለዚህ ይህ አዘፋፈን ከሕመም የተወለደ ሳይሆን ከእናት የተወረሰ፣ አንድ ልጅ አፉን ሲፈታ ጀምሮ የሰማው ቋንቋ ነበር። በማርልቦሮ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለም የሚታወቀው ፈጣን ሯጭ፣ ፒያኖ፣ ክላርኔትና ሳክስፎን የሚጫወት ተማሪ ሆኖ ነው። በ1967 ደቡብ ፈረንሳይ፣ ኤክስ አን ፕሮቫንስ በቆየባቸው ወራት ጊታሩን ከእጁ ሳያወርድ ተለማመደ፤ ከዚያ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሊማር ካምብሪጅ ገባ። የፌርፖርት ኮንቬንሽን ባንድ ቤዝ ተጫዋች የነበረው አሽሊ ሃቺንግስ ለንደን ውስጥ ራውንድሃውስ በተባለው አዳራሽ አይቶት ስሙን ለአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ለጆ ቦይድ አቀበለ። ቦይድም ዘፈኖቹ የተቀረጹበትን ቴፕ ሰምቶ አስፈረመው። ወደ ስቱዲዮ የገባው እንግዲህ ተሰብሮ መጠጊያ የሚፈልግ ወጣት ሳይሆን እጁን በልምምድ ያሰላ ሙዚቀኛ ነበር።

አሁን ከማስረጃዎቹ ሁሉ ክብደት ወደምሰጠው ልለፍ። በዘፈኖቹ ላይ የክሮች፣ ማለትም የቫዮሊንና የቼሎ፣ ቅንብር እንዲጨመር ሲታሰብ ቦይድ ሥራውን የሰጠው ለሪቻርድ ሂውሰን ነበር። ሂውሰን ያኔ ስሙ የተጠራ አቀናባሪ ነው፤ ቢትልስ ባቋቋሙት አፕል የሸክላ ኩባንያ ስር ለሜሪ ሆፕኪንና ለጄምስ ቴይለር የሠራ ባለሙያ ነው። ቅንብሩ ቀርቦ ተደመጠ፤ ሆኖም ለዘፈኖቹ አልተስማማም፤ ድሬክም ተወው። በቦታው ያቀረበው ሮበርት ከርቢ የተባለውን የካምብሪጅ ጓደኛውን ነበር፤ ከርቢ ገና የሙዚቃ ተማሪ ነው። ነገሩን በትክክል እንመዝነው። አንድ የ20 ዓመት ልጅ፣ አንድም ሸክላ ያላወጣ፣ በሰው ፊት ብዙ መናገር የማይወድ፣ ገንዘቡን የሚያወጣው ኩባንያ የመረጠለትን ባለሙያ ትቶ «ተማሪ ጓደኛዬ ይሥራው» አለ። ከርቢም በክሮች ብቻ የታጀበውን «ዌይ ቱ ብሉ»ን ጨምሮ አራቱን ዘፈኖች አቀናበረ። በ2025 የአልበሙን አሠራር የሚያሳይ የቅጂዎች ስብስብ ታትሟል፤ በውስጡ ድሬክ በ1968 በካምብሪጅ ለከርቢ ዘፈኖቹን እየተጫወተ ቅንብሩ እንዴት እንዲሆን እንደሚፈልግ ሲያስረዳ ይሰማል። ዝምተኛ መሆኑን የሚመሰክሩ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም አልክድም። ግን በሥራው ጉዳይ ሲናገር ምን እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር፤ የማይፈልገውንም እንዲሁ።

ከአሥሩ ዘፈኖች መካከል ይህን በድምፅ የሚያሳየው «ሪቨር ማን» ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ይፈቀድልኝ። ከርቢ ይህን ዘፈን ለማቀናበር አቅሜ አይፈቅድም አለ። ሥራው የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ለነበረው ለሃሪ ሮቢንሰን ተሰጠ፤ ድሬክም ጊታሩን ይዞ ተጫወተለት፤ የእንግሊዛዊውን የፍሬድሪክ ዲሊየስን የኦርኬስትራ ቀለም እንደሚፈልግም ነገረው። ዘፈኑ የሚሄደው በአምስት ምት ነው። የአራትና የሦስት ምት የለመደ ጆሮ አንድ ነገር እንደጎደለው ወይም እንደተረፈው ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ ግን ወዲያው አይለየውም። ጊታሩ እነዚህን አምስት ምቶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያወላውል ይደግማል፤ ድምፁ በበኩሉ የሐረጎቹን መግቢያ ትንሽ እያዘገየ፣ ከምቱ ኋላ ኋላ እየቀረ ይዘፍናል፤ ክሮቹም ቆይተው ገብተው በሁለቱ መካከል ይዘረጋሉ። ቀረጻው የተካሄደው በቼልሲ፣ ቀድሞ የወተት ማቀነባበሪያ በነበረው ሳውንድ ቴክኒክስ ስቱዲዮ፣ በድምፅ ባለሙያው በጆን ዉድ እጅ ነው። ዘፋኙ ከክር ተጫዋቾቹ መሐል ተቀምጦ፣ ጊታሩ፣ ድምፁና ኦርኬስትራው በአንድ ጊዜ ተቀረጹ። አንድ ሰው ቢሳሳት የሁሉም ድካም ከንቱ ይቀራል ማለት ነው። በአምስት ምት ላይ በሁለት እጁ አንድ ነገር እየሠራ፣ በጉሮሮው ከዚያ ወደ ኋላ የሚቀር ሌላ ነገር እየሠራ፣ በባለሙያዎች ተከቦ የማይሳሳት ሰው «ደካማ» ተብሎ ሊጠራ አይችልም። በገና ሰምታችሁ ያደጋችሁ ይህን ለመቀበል አትቸገሩም፤ ደርዳሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያንጎራጉር አቅም አነሰው የሚል የለም፤ ጣቶቹ ምን ያህል እንደሚሠሩ ሁሉም ያውቃል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከዘመኑ የመጣ ነው። አልበሙ ሲወጣ ከጋዜጠኞች ያገኘው አቀባበል ቀዝቃዛ ነበር፤ «ኒው ሚዩዚካል ኤክስፕረስ» ላይ የጻፈው ሐያሲ ዘፈኖቹ ልዩነት እንደሚጎድላቸው ተናግሮ ነበር። ዛሬም ለስላሳ አልበም በወጣ ቁጥር የሚነሣ ወቀሳ ነው፦ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ አይታወቅም ይባላል። ወቀሳው መልስ የሚገባው ነው፤ በድምፁ ከፍታ ብቻ ከለካነው ሐያሲው ልክ ነውና። የሚለዋወጠው ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ዘፈን በፒያኖና በሪቻርድ ቶምፕሰን የኤሌክትሪክ ጊታር የአሜሪካን ገጠር ሙዚቃ ጠረን ይዟል። «ስሪ አወርስ» ላይ ጋና የተወለደው ሮኪ ዲዚዶርኑ ኮንጋ ይመታል፤ ይህ በሮሊንግ ስቶንስ «ሲምፓቲ ፎር ዘ ዴቭል» ላይ የሚሰማው ያው እጅ ነው። በ«ቼሎ ሶንግ» የክሌር ላውዘር ቼሎ ከዘፋኙ ማንጎራጎር ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። በ«ዌይ ቱ ብሉ» ጊታሩ ጭራሽ የለም፤ ጎበዝ ጊታር ተጫዋች የሆነ ሰው በመጀመሪያ አልበሙ ላይ ጊታሩን አስቀምጦ በክሮች ብቻ ታጅቦ ዘፈነ። የመጨረሻው «ሳተርደይ ሰን» ደግሞ ራሱ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ፣ ከትሪስታን ፍራይ ከበሮና ቫይብራፎን ጋር ወደ ጃዝ ያዘነበለ ነው። ከሥር ሆኖ ብዙዎቹን የሚያያይዘው የዳኒ ቶምፕሰን ዳብል ቤዝ ነው። ድምፁ አንድ ስለሆነ ዙሪያው እንዲህ ሊለዋወጥ ቻለ። ዘፋኙ በየዘፈኑ እየጮኸና እያለቀሰ ትኩረት ቢስብ ኖሮ ይህን ሁሉ ለመስማት ጆሯችን ፋታ አያገኝም ነበር።

በዚሁ ላይ የአቃኘቱ ጉዳይ አለ። ድሬክ ጊታሩን በብዙ ዘፈኖች ላይ ከተለመደው ውጭ ይቃኘው ነበር፤ ክሮቹን ለእያንዳንዱ ዜማ ለብቻው አላልቶ ወይም አጥብቆ። በዚህ ምክንያት በመድረክ ላይ በአንዱና በሌላው ዘፈን መካከል ረጅም ጊዜ እየቃኘ ይቆያል፤ ታዳሚው ማውራት ይጀምራል፤ እሱ ደግሞ በወሬ የሚያዝናና ሰው አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ መድረኩን ተወው። ይህ የሙያው ድክመት ነበር፣ ሊካድም አይገባም፤ ዘፈኖቹ ያኔ አድማጭ ያጡበት አንዱ ምክንያትም ነው። ሆኖም ቀላሉ መፍትሔ እጁ ላይ ነበር፦ ሁሉንም በአንድ ቅኝት መጫወት። አላደረገውም። በዜማው ድምፅና በመድረኩ ስኬት መካከል መምረጥ ሲኖርበት ድምፁን መረጠ፤ ዋጋውንም ከፈለ።

ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ ከራሱ ከአልበሙ ውስጥ ይነሣል። «ፍሩት ትሪ» የሚለው ዘፈን ዝና ለሰው የሚደርሰው ከሞተ በኋላ ነው የሚል ሐሳብ ይዟል። ይህን የጻፈ ሰው በእርግጥ በእንዲህ ያለ መንገድ ሞቶ በእንዲህ ያለ መንገድ ከታወቀ፣ ዘፈኑን ከሕይወቱ ለይታችሁ ስሙ ማለት ልበ ደንዳናነት አይሆንም? ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ እኔም ዘፈኑን ሳይከብደኝ መስማት አልችልም። ነገር ግን ግጥሙ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ውስጥ ያለፈ ተማሪ ሁሉ ስለሚያውቀው ጉዳይ ነው። በ25 ዓመቱ ሞቶ ከዚያ በኋላ የገነነው ጆን ኪትስ፣ በ17 ዓመቱ ሞቶ ለሮማንቲክ ገጣሚያን ምልክት የሆነው ቶማስ ቻተርተን የዚያ ትምህርት ቋሚ ታሪኮች ናቸው። የ20 ዓመት ገጣሚ ስለዚህ መጻፉ ሕመሙን ሳይሆን ንባቡን ያሳያል። ድብርቱ ክፉኛ የጠናበት ከዚህ በኋላ፣ ሁለተኛው አልበሙ በ1971 ወጥቶ እንደ መጀመሪያው ሳይደመጥ ከቀረ ወዲያ ነው። የኋለኛውን ሕመም ወስደን የፊተኛውን ሥራ ልናስረዳበት አይገባም፤ ጊዜው ራሱ አይፈቅድልንም። ሌላም ነገር አለ፤ ይህን የምለው ጉዳዩ ስለሚያሳስበኝ ነው። ድብርትን የመልካም ሥራ እናት አድርገን ስንናገር፣ ሕመሙ ያለባቸው ወጣቶች መታከማቸው ተሰጥኦአቸውን የሚያሳጣቸው ይመስላቸዋል። የድሬክ ታሪክ የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው፤ ሕመሙ በበረታ መጠን የሚጽፈው እያነሰ ሄደ፤ ሦስተኛው አልበሙ በ1972 ከወጣ ወዲህ እስኪሞት ድረስ ጥቂት ዘፈኖችን ብቻ ነው የቀረጸው።

ያ ሦስተኛ አልበም፣ «ፒንክ ሙን»፣ ሌላ ክርክር ያስነሣል። በአንድ ዘፈን ላይ ከምትሰማው አጭር የፒያኖ ድምፅ በቀር ጊታርና ድምፅ ብቻ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ብዙ ወዳጆቹ እውነተኛው ድሬክ ይህ ነው፣ በመጀመሪያው አልበም ላይ ያሉት ክሮች የፕሮዲውሰሩ ጌጥ ናቸው ይላሉ። ስለ ጣዕም ማንንም አልከራከርም። የሂውሰንን ቅንብር ትቶ የራሱን ሰው ያመጣውና ዲሊየስን የጠቀሰው ዘፋኙ ራሱ መሆኑን ካየን በኋላ ግን ክሮቹን ከላይ የተጫኑበት ማለት አይቻልም። ባዶነቱ ውሳኔ ከሆነ ሙላቱም ውሳኔ ነበር።

የመጨረሻው ተቃውሞ ስለ ዝናው ነው። በሕይወት እያለ ከአልበሞቹ እያንዳንዱ ከ5,000 ቅጂ በታች እንደተሸጠ ይነገራል፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይደመጣል። «ባይሞት ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር?» የሚለው ጥያቄ ጨካኝ ቢመስልም መጠየቁ ተገቢ ነው። ሞቱ ለዝናው ምንም አልጨመረም አልልም፤ ጨምሯል። ነገር ግን አልበሙ እንዴት እንደተረፈ ስናጣራ ሌሎች ምክንያቶች እናገኛለን። ቦይድ በ1971 ድርጅቱን ለአይላንድ ሪከርድስ ሸጦ ወደ አሜሪካ ሲሄድ የድሬክ አልበሞች ከሽያጭ መዝገብ እንዳይወጡ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው ለዓመታት መገኘታቸውን የቀጠሉት በዚህ ነው። በ1979 ሥራዎቹ በአንድ ሣጥን ተሰብስበው ታተሙ። በ1999 መጨረሻ ደግሞ ቮልስዋገን «ፒንክ ሙን»ን በመኪና ማስታወቂያ ላይ ሲያሰማ፣ ስለ ሰውዬው አንዳች የማያውቁ አሜሪካውያን «ይህ ማን ነው?» እያሉ አልበሙን መግዛት ጀመሩ። እነዚህ ሰዎች ያቆማቸው ድምፁ ነው፤ የሞቱን ታሪክ ያወቁት ከገዙ በኋላ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ማነጻጸሪያ አለ። ቫሽቲ በንያን የተባለችው እንግሊዛዊት በ1970 የመጀመሪያ አልበሟን አወጣች፦ ለስላሳ፣ በሹክሹክታ የተዘፈነ፣ አብዛኛው የራሷ ድርሰት። ፕሮዲውሰሩ ያው ጆ ቦይድ፣ ስቱዲዮው ያው ሳውንድ ቴክኒክስ፣ የጥቂቶቹ ዘፈኖች አቀናባሪ ያው ሮበርት ከርቢ ናቸው። እንደ ድሬክ ሁሉ ሰሚ አጣች፤ ሙዚቃውን ትታ በገጠር ልጆቿን ስታሳድግ ኖረች። በ2000 አልበሙ ዳግም ሲታተም አዲስ ትውልድ አገኘው፣ ወደደው፣ እሷም በ2005 ሁለተኛ አልበሟን አወጣች። እሷ አልሞተችም፤ አሳዛኝ መጨረሻ አልነበራትም፤ አልበሟ ግን ተመልሶ መጣ። ተመሳሳይ አሠራር፣ ተመሳሳይ ዘመን፣ ተመሳሳይ ቸልተኝነት፣ በመጨረሻም ተመሳሳይ መደመጥ፤ የጎደለው ሞት ብቻ ነው። ስለዚህ ለእነዚህ አልበሞች መመለስ ሞት የግድ አላስፈለገም። ያስፈለገው ሥራው በሚገባ ተሠርቶ፣ ቴፑ ሳይጠፋ፣ ሸክላው ከገበያ ሳይወጣ መቆየቱ ነበር፤ ሌላው ሁሉ የጆሮ ጉዳይ ነው። የበንያን አልበም ዳግም በታተመበት ዓመት ድሬክ በሕይወት ቢኖር 52 ዓመት ይሆነው ነበር፤ ከአዲሶቹ አድማጮቹ ፊት ለመቆም ገና ጊዜ ነበረው።